አባ ጎርጎርዮስ በጀርመን አገር



«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፥ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት ምሳሌ ይልቁን የሚስማማው፥ ብቻውን ወደ ባዕድ አገር ለሄደና የአገሩን ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ነው። ሰው በአገሩ ሳለ ሊቅ ቢሆን፥ ነገር አዋቂ ቢሆን፥ በሸንጎ ተነሥቶ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚያደምጠው ቢሆን፥ ቋንቋውን የማያውቀውን አገር በረገጠ ጊዜ እንደ ሕፃን ይሆናል። ውሃ ሲጠማው በእጁ ያመለክታል፤ መንገድ ሲጠፋው የሰው ፊት ያያል፤ ሰዎች ሲስቁ በእርሱ የሚስቁ ይመስለዋል፤ ሲቆጡም ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ዕውቀቱ ሁሉ በልቡ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ ቁልፉ ምላሱ ነበረና።

ይህ ችግር በዘመናችን የተፈጠረ አይደለም። ዛሬ በአውሮፕላን ተሳፍሮ በጥቂት ሰዓት ባሕር የሚሻገረው ተማሪ፥ ለሥራ ወደ ቤይሩትና ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው ወጣት፥ ከልጆቹ ጋራ ለመኖር ወደ አሜሪካ የሚሻገረው ሽማግሌ የሚያገኛቸው ጭንቀት፥ ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት በኤውሮጳ የተጓዙትን ኢትዮጵያውያንም አግኝቷቸዋል። በዛሬው ንግግራችን ከነዚያ መንገደኞች የአንዱን ታሪክ እንተርካለን። እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የጀርመንን ቋንቋ ሳያውቁ፥ ሮማይስጥ የሚባለውንም የላቲን ቋንቋ ሳይማሩ ከሮማ ተነሥተው ጀርመን አገር ገቡ፤ የኤውሮጳ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ለጻፉት ሁሉ መሠረት የሆነውንም ትምህርት ሰጡ። ይህ ነገር እንዴት ሊሆን ቻለ? ንግግራችን የሚመረምረው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን ግን ታሪኩ ከተፈጸመበት አገር ጋራ እንዲስማሙ ብለን በኤውሮጳ አቆጣጠር እንጠራቸዋለን።

አስቀድመን ስለ ሮማ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በሮማ ከተማ፥ ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፥ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም የተሠራ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕንፃው ዛሬ በቫቲካን ግዛት ውስጥ ይገኛል። ይህ ቤተ ክርስቲያንና ከአጠገቡ ያለው ቤት በ15ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ለኢትዮጵያውያን ነጋድያንና መነኮሳት ማረፊያ እንዲሆን ተሰጠ። ከኢየሩሳሌም ተሻግረው ኢጣልያ የሚደርሱ ወገኖቻችን፥ በማያውቁት ከተማ መካከል የአገራቸውን ቋንቋ የሚሰሙበት፥ የአገራቸውን ጸሎት የሚያደርሱበት ቦታ ይኸው ነበረ። ቋንቋ ለቸገረው መንገደኛ እንዲህ ያለ ቤት ከምግብና ከመኝታ የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ ሰው መሆኑን ያስታውሰዋልና።

ከዚህም ቤት ወደ ውጭ የወጣው ድምፅ ፍሬ አፈራ። በ1511 ዓመት ገደማ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ቄስ ኢትዮጵያውያኑ በሮማ ሲጸልዩ ሰማ። የሚሉትን አልተረዳም፤ ነገር ግን በጸሎቱ መካከል የእመቤታችንንና የሐዋርያትን፥ የቅዱሳንንም ስም ለየ። በእነዚያ በጥቂት ስሞች ተመርቶ ቋንቋውን ለመማር ተነሣ፤ አስተርጓሚም ቢፈልግ የሚበቃ ሰው አላገኘም። በመጨረሻ ቶማስ ከሚባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እየተማረ፥ በ1513 ዓመት መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል በሮማ አሳተመ። በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ይሁን እንጂ ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው፤ መምህሩና ተማሪው ገና በሚገባ አልተግባቡም ነበረና ስሕተቱ እንደ ተጻፈ ቀረ።

ከእርሱም በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ወደ ሮማ መጥተው፥ በ1548ና በ1549 ዓመት ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። እኒህ አባት የውጭውን ቋንቋ ለመማር የበቁ ሰው ነበሩ። ቢሆንም የማተሚያው ሠራተኞች የግዕዝን ፊደል ከቶ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ እርሳቸውም በበኩላቸው የኅትመት ጥበብ አያውቁም ነበር። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ለተገኘው የፊደል ግድፈት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ኢትዮጵያውያን በባዕድ አገር ያፈሩት ፍሬ ሁሉ እንዲህ ባለው ያለመግባባት እሾኽ መካከል የበቀለ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ አባ ጎርጎርዮስ እንመለስ። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በአምሐራ ምድር፥ መካነ ሥላሴ ከሚባለው ስፍራ ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ አስጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት፥ በወርቅና በሐር ያጌጠ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት፥ በ1531 ዓመትም በግራኝ ጦርነት የተቃጠለ ቦታ ነው። አባ ጎርጎርዮስ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የጎለመሱ ሰው ናቸው። ያ ዘመን በሮማ ሃይማኖትና በተዋሕዶ መካከል ስለ ተነሣው ክርክር የኢትዮጵያ ሕዝብ እርስ በርሱ የተላለቀበት ዘመን ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 ዓመት ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ከነገሩ በኋላ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ዙፋኑን ወረሱ፤ ፓትርያርኩን አልፎንሶ ሜንዴዝንና የኢየሱሳውያንን ማኅበር ካህናትም ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከካቶሊካውያኑ ወገን ነበሩና እርሳቸውም ከአገራቸው ወጡ፤ ከብዙ መንከራተት በኋላም በሮማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ተቀመጡ።

እንግዲህ የእኒህን ሰው ሁኔታ በዐይነ ኅሊናችን እንመልከት። በአገራቸው የተማሩና የተከበሩ ናቸው፤ በዕድሜም የገፉ ናቸው። በሮማ ግን የሊቃውንቱን ቋንቋ ሮማይስጥን አያውቁም፤ የገበያውንም የኢጣልያ ቋንቋ የሚናገሩት በጭንቅ ነው። ከቤቱ ቅጥር ውጭ ማንነታቸውን የሚያውቅ የለም። የሚያያቸው ሰው ሁሉ የሚያየው ጥቁር መነኩሴን እንጂ መምህርን አይደለም።

በ1649 ዓመት አንድ ወጣት የዚያን ቤት ደጃፍ መታ። ስሙ ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ ሂዮብ ማለት በእኛ ቋንቋ ኢዮብ ማለት ነው። በ1624 ዓመት በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወልዶ ያን ጊዜ የ25 ዓመት ጎልማሳ ነበረ። ሕግ የተማረ፥ ቋንቋ ማጥናትንም እንደ ምግብ የሚወድ ሰው ነው። ግዕዝን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያለ መምህር፥ የታተሙትን ጥቂት መጻሕፍት ብቻ ይዞ ተምሮ ነበር። ወደ ሮማ የመጣው በፓሪስ የነበረው የስዊድን አምባሳደር ለሌላ ጉዳይ፥ የቆዩ ወረቀቶችን እንዲፈልግ ልኮት ነው፤ ልቡ ግን ከኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ነበረ።

ሉዶልፍ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፥ የኢትዮጵያን ቋንቋ መማር እፈልጋለሁ ብሎ ቢነግራቸው፥ ይህ ነገር ታላቅና አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከኢትዮጵያ ውጭ ሊሆን አይችልም ብለው መለሱለት። ጎርጎርዮስ የሚባሉ የተማሩ ሰው እንዳሉ፥ ነገር ግን ቋንቋ ስለሚቸግራቸው ሊያስተምሩት እንደማይችሉ አስረዱት። እርሱም ሰውየውን እንዲያገናኙት ብቻ ለመነ። በተገናኙ ጊዜ መነኮሳቱ አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ አውጥተው ይህን አንብብ አሉት። ሉዶልፍም ማንበብ ጀመረ። ግዕዝን በዐይኑ እንጂ በጆሮው አልተማረምና፥ ጥሬውንም ጥብቁንም፥ ተነሡንም ወዳቂውንም ሳይለይ ሲያነበው መነኮሳቱ ሳቁ፤ ከሁሉም ይልቅ የሳቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ወዲያው ግን ያነበበውን መተርጐም በጀመረ ጊዜ ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ። በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ለተቀመጡት የውጭ ካህናት እንኳ አስቸጋሪ የነበረውን ቋንቋ፥ ይህ ልጅ ያለ መምህር መማሩን ለማመን ተቸገሩ።

አድማጮቻችን ይህን ነገር ልብ ብለው ያስተውሉት። በባዕድ አገር በሰው ፊት የሚስቅበት እንግዳው ሰው መሆኑ የተለመደ ነው። በዚያች ቀን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቋንቋ ቸግሮት የሚያፍረው የአገሩ ተቀማጭ ኤውሮጳዊው ሆነ፤ አዋቂውም ስደተኛው መነኩሴ ሆኑ። ሉዶልፍ ደግሞ በሳቁ አልተቆጣም፥ ሸሽቶም አልሄደም። ቢቀየም ኖሮ ወዳጅነቱም ትምህርቱም በዚያው በተቀጨ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ የተነጋገሩት በምን ቋንቋ ነበረ? በግዕዝ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ግዕዝ ለሁለቱም የመጽሐፍ ቋንቋ እንጂ የአፍ መፍቻ አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ በአገራቸው ሲገዙና ሲሸጡ፥ ሲቆጡና ሲጫወቱ የኖሩት በአማርኛ ነው፤ ግዕዝን የሚያውቁት ለንባብ፥ ለጸሎትና ለጽሕፈት ነው። ለሉዶልፍም ግዕዝ በወረቀት ላይ የታተመ ፊደል ነበረ። እንግዲህ አንዱ በጆሮው፥ ሁለተኛው በዐይኑ ያወቁትን ቋንቋ ይዘው በመካከል ተገናኙ። በመጽሐፍ ቋንቋ ስለ ዕለት ጉዳይ መነጋገር ምን ያህል እንደሚያዘገይ ለመረዳት፥ ዛሬ ሁለት ደብተሮች ስለ ባቡር ጣቢያና ስለ ሆቴል ኪራይ በግዕዝ ብቻ እንዲነጋገሩ ብናዝዛቸው የሚሆነውን ማሰብ ይበቃል። የኅብስትና የማይ፥ የቤትና የፍኖት ስም ይገኛል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን በዘዴ ማስረዳት ግድ ይሆናል።

ሌላም ችግር ነበረ። ሉዶልፍ በሮማይስጥ ሰዋስው ሥርዓት የሠለጠነ ስለ ነበረ፥ የግሱ ሥር ምንድን ነው፥ እርባታውስ በስንት ይከፈላል ብሎ ይጠይቃል። አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውን የተማሩት በዚያ ዓይነት መንገድ አልነበረምና ጥያቄው ራሱ እንግዳ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ሉዶልፍ ሕጉን በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ፥ አባ ጎርጎርዮስ የሚሉትን እየሰማና እየጻፈ ሕጉን ራሱ ለቅሞ ማውጣት ነበረበት። መምህሩ የሚያውቁትን ሁሉ እንደሚያውቁት አድርገው ሰጡ፤ ተማሪው ደግሞ በሚገባው መልክ አደራጀው። ከዚህ የተነሣ ሥራው የአንዱ ብቻ አይደለም፤ የሁለቱ ነው።

ሉዶልፍ ከሮማ ከተመለሰ በኋላ በመልእክት እየተጻጻፉ ቆዩ። በ1652 ዓመት ሉዶልፍ በሳክስ ጎታ መስፍን በኤርንስት አገልግሎት ውስጥ ነበረ። መስፍን ኤርንስት ለትምህርት በማሰባቸውና በመንፈሳዊነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ጀርመን አገር ከ1618 እስከ 1648 ዓመት ሠላሳ ዓመት በተዋጋበት ጦርነት ፈርሶ ነበር፤ መስፍኑም ጦርነቱ ሳያልቅ በ1643 ዓመት የጀመሩትን ግንብ «ፍሪደንሽታይን» አሉት፤ ትርጓሜውም የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሊቅ በሰሙ ጊዜ ከሮማ ድረስ አስጠሯቸው።

አባ ጎርጎርዮስም ጥሪውን ተቀብለው ተነሡ። ከሮማ እስከ ጎታ ያለው ርቀት በወፍ መንገድ ቢለካ እንኳ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህላል፤ በመካከሉም የአልፕስ ተራሮች ተጋርደዋል። ከኢጣልያ ድንበር ወዲያ ያወቋት ጥቂት የኢጣልያ ቃል እንኳ ዋጋ አልነበራትም። ሮማይስጥ የሚያውቅ መንገደኛ በየገዳሙና በየትምህርት ቤቱ የሚያነጋግረው ቄስ ወይም መምህር ያገኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ይህንንም መሣሪያ አልያዙም። ዕድሜያቸውም ከአምሳ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር።

በቲሮል ተራሮች ላይ በረዶ ተከምሮ ባዩ ጊዜ፥ ሉዶልፍ እንደ ጻፈው፥ አባ ጎርጎርዮስ «ሐሪጽ» ብለው ጠሩት። ሐሪጽ በግዕዝ ዱቄት ማለት ነው። ሉዶልፍ ይህን የጻፈው በኢትዮጵያ ምድር እንዲህ ያለ በረዶ እንደሌለ ለማስረዳት ብሎ ነው። ለእኛ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ በረዶ በበግ ጠጉር ተመስሎ ተጽፏል፤ አባ ጎርጎርዮስም ዳዊቱን ያውቁታል። ይሁን እንጂ በቃል የሚያውቁትና በዐይን ያዩት ነገር አንድ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? ስለዚህ ከሚያውቁት ነገር ወስደው ለማያውቁት ነገር ስም አወጡ። ቋንቋ የቸገረው መንገደኛ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያየውን አዲስ ነገር በአገሩ ዕቃ እየሰፈረ ይገምታል። በዚህ የሚስቅ ሰው ቢኖር፥ ራሱ ባዕድ አገር እስኪሄድ ድረስ ይታገሥ።

ሉዶልፍ እስከ ኑረምበርግ ከተማ ድረስ ወርዶ መምህሩን ተቀበለ፤ ከዚያም ወደ ጎታ ወሰዳቸው። አባ ጎርጎርዮስ ያን በጋ በመስፍኑ ግንብ በእንግድነት ተቀመጡ። መስፍኑና አማካሪዎቻቸው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፥ ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ሕጉና ስለ ልማዱ፥ ስለ ወንዞቹና ስለ አውራጃዎቹ ጠየቋቸው። ጥያቄው በጀርመን ቋንቋ ይነሣል፤ ሉዶልፍ ወደ ግዕዝ ይመልሰዋል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

አስተርጓሚ ያለው ሰው ችግሩ የተቃለለለት ይመስላል። በእውነቱ ግን ሌላ ጭንቀት አለበት። ሰው በራሱ ቋንቋ ሲናገር ቃሉን ራሱ ይጠብቃል፤ በአስተርጓሚ ሲናገር ግን ክብሩንም ሃይማኖቱንም የአገሩንም ስም በሌላ ሰው ምላስ ላይ አኑሮ ይጠብቃል። አንድ ቃል ቢጣመም አገሩ ይታማል፤ እርሱም መታማቱን አያውቅም። ከዚህም በላይ አባ ጎርጎርዮስ የካቶሊካውያን ወገን ሲሆኑ፥ መስፍኑና ሉዶልፍ የሉተር ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ። በዚህ ጉዳይ ምክንያት ሠላሳ ዓመት በተዋጋ አገር መካከል፥ አንዲት በክፉ የተተረጐመች ቃል ምን ልታመጣ እንደምትችል መገመት አያዳግትም። ይህ ሁሉ ሳይሆን የቀረው ሉዶልፍ ታማኝ አስተርጓሚ ስለ ነበረ፥ አባ ጎርጎርዮስም ግዕዙን ስለሚያውቁ ንግግሩን በከፊል መከታተል ስለ ቻሉ ነው።

ለመሆኑ ከዚህ ንግግር ምን ተገኘ? በዚያን ጊዜ በኤውሮጳ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው ግማሹ ተረት ነበረ። ስለ ቄሱ ንጉሥ ስለ ዮሐንስ የሚወራው ወሬ ገና አልጠፋም። በ1610 ዓመት ሉዊስ ዴ ኡሬታ የሚባል እስፓኛዊ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ ያሳተመው መጽሐፍ፥ በሌለ ሀብትና በሌለ ተአምራት የተሞላ ነበረ። ሉዶልፍ እንዲህ ያለውን ወሬ ለመመርመር የሚችልበት ሚዛን ያገኘው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ተረቱን በአገሩ ተወላጅ ቃል እየመዘነ ሐሰቱን ጣለ። ስለዚህ በዚያ ግንብ ውስጥ ፍርድ ላይ የነበረው የአንድ መነኩሴ አንደበት ብቻ አልነበረም፤ የአገራችን እውነተኛ መልክ ጭምር ነበረ።

ሁለተኛው ፍሬ አማርኛ ነው። ኤውሮጳውያን ሊቃውንት እስከዚያ ጊዜ ያተሙት ግዕዝን ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ለሉዶልፍ የአፋቸውንም ቋንቋ አስተማሩት። በ1698 ዓመት ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛን መዝገበ ቃላት በፍራንክፉርት ከተማ አሳተመ። በኤውሮጳ የታተመ የአማርኛ ሰዋስው የመጀመሪያው ይህ ነው። ዛሬ የአማርኛን ጥንታዊ መልክ የሚያጠኑ ሊቃውንት፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ምን ብለው ይናገሩ እንደ ነበር ለማወቅ ሲፈልጉ ከሚመለከቷቸው ምስክሮች አንዱ ይኸው መጽሐፍ ነው። በአገር ቤት በዚያ ዘመን የሚጻፈው አብዛኛው በግዕዝ ነበረና፥ የመካነ ሥላሴው ሰው የቤታቸውን ቋንቋ በባዕድ አገር ሆነው አቆዩልን።

አባ ጎርጎርዮስ በጎታ ብዙ አልተቀመጡም፤ የጀርመን ብርድ ሳይጠና በመስከረም ወር ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላም ከወዳጃቸው ከሉዶልፍ ጋራ በመልእክት መጠያየቃቸውን አልተዉም፤ ደብዳቤዎቻቸውም እስከ ዛሬ ተጠብቀው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር ለመታተም በቅተዋል። ልባቸው ግን ወደ አገራቸው ነበረ። በ1658 ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ በባሕር ተጓዙ። መርከቡ በሶርያ ባሕር ዳርቻ፥ አሌክሳንድሬታ በምትባለው፥ ዛሬም እስክንድሩን ተብላ በቱርክ ግዛት በምትገኘው ወደብ አጠገብ ተሰበረ፤ አባ ጎርጎርዮስም በውሃው ሰጥመው ሞቱ። ከአገራቸው ከወጡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖ ነበር፤ አገራቸውን ግን አላዩም።

ሉዶልፍ ከመምህሩ ሞት በኋላ አርባ ስድስት ዓመት በሕይወት ቆየ። በ1661 ዓመት የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን አሳተመ፤ በ1681 ዓመት ደግሞ የኢትዮጵያን ታሪክ በሮማይስጥ ጽፎ አወጣ። ለዚሁ ታሪክ ማብራሪያ በ1691 ዓመት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገባ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች ከእንግዳ ሰው የተማሩትን ሁሉ እንደ ራሳቸው አድርገው ሲጽፉ፥ ሉዶልፍ የመምህሩን ስም እየጠራ መሰከረላቸው። ሉዶልፍ በ1704 ዓመት ሞተ። ኤውሮጳውያንም የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይሉታል፤ ዛሬም በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል በእርሱ ስም ይጠራል። ከ2003 እስከ 2014 ዓመት በአምስት ጥራዝ የወጣው ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረው ታላቁ መዝገበ ዕውቀትም የተዘጋጀው በዚያው በሃምቡርግ ነው። ተማሪው የጥናቱ አባት ከተባለ፥ መምህሩን ምን ብለን እንጠራቸዋለን?

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቋንቋ ሳያውቁ በባዕድ አገር የተጓዙት እኒህ ሰው እንዴት ለዚህ ሥራ በቁ? ሦስት ምክንያት እናገኛለን።

ፊተኛው ምክንያት የራሳቸውን ነገር አጥብቀው ማወቃቸው ነው። የጎታ መስፍን ከሮማ ድረስ ያስጠሯቸው የጀርመንን ቋንቋ ስለሚያውቁ አልነበረም፤ በጀርመን አገር ማንም የማያውቀውን ስለሚያውቁ ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት የሚሄድበትን አገር ቋንቋ መማር ይገባዋል፤ በዚህ ነገር ክርክር የለም። ነገር ግን የሰው ቋንቋ ለመማር ሲል የራሱን የጣለ ሰው፥ በደረሰበት አገር ሲጠየቅ የሚመልሰው አያገኝም። የአገሩን ታሪክ፥ የአገሩን ሥርዓት፥ የአገሩን ንግግር በሚገባ የያዘ ሰው ግን፥ ዛሬ ዲዳ ቢመስል ነገ የሚጠይቀው አያጣም።

ሁለተኛው ምክንያት አለማፈራቸው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በቋንቋ ድህነታቸው አፍረው ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቅጥር ሳይወጡ መቅረት ይችሉ ነበር። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ባለማወቁ ሳይሆን አለማወቁን ለመሸሸግ ሲል ነው። ያልገባውን «አዎን» ይላል፤ ያላነበበውን ወረቀት ይፈርማል፤ መንገድ ከመጠየቅ ይልቅ መጥፋትን ይመርጣል። በዚህ ምክንያት በሰው አገር ደመወዛቸውን የተቀሙ፥ ውላቸውን ሳያውቁ የተፈራረሙ፥ ታመው ሕመማቸውን መናገር የተሳናቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። አልገባኝም ማለት ግን በማንኛውም አገር ነውር አይደለም፤ በግልጽ ቃል ማለት ባይቻል በእጅና በፊት ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውና ታላቁ ምክንያት የሉዶልፍ ትዕግሥት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ያንኑ ዕውቀት ይዘው በሮማ ከተማ ሲመላለሱ ቀርቦ የጠየቃቸው ሰው ምን ያህል ነበረ? ሉዶልፍ ግን ደጃቸውን መታ፤ ሲስቁበት ታገሠ፤ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ያልገባውን ደግሞ ጠየቀ፤ የሰማውንም ሳያጣምም ጻፈ። ይህ ትምህርት ለሚጓዘው ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ለተቀመጠው ለእኛም ነው። በከተማችን አደባባይ ቋንቋችንን የማያውቅ እንግዳ ቆሞ እናያለን። ከባሕር ማዶ የመጣም ይሆናል፤ ከገዛ አገራችን ሌላ አውራጃ መጥቶ አማርኛ የሚቸግረውም ይሆናል። በአነጋገሩ የሚስቅበት ብዙ ነው፤ ቀርቦ የሚያደምጠው ግን ጥቂት ነው። በዚያ በዝምተኛው እንግዳ ልብ ውስጥ ስንት የሕግ፥ የመድኃኒት፥ የታሪክና የጥበብ ዕውቀት ተቆልፎ እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው?

በፖትከን ጊዜ ጥቂት የቅዱሳን ስሞች መነሻ ሆኑ፤ በሉዶልፍ ጊዜም አንድ የብራና መጽሐፍ መነሻ ሆነ። ሁለት ሰዎች ከሁለት አገር መጥተው በመካከላቸው አንድ የጋራ ነገር ካገኙ፥ ቃሉ ጥቂት ቢሆንም ነገሩ ይጀመራል። የቀረውን የሚፈጽመው ጊዜና መልካም ፈቃድ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ መካነ ሥላሴ ለመመለስ አልታደሉም፤ ከመካነ ሥላሴ ይዘውት የወጡት ቃል ግን ባሕር አላሰጠመውም።